የነርሲንግ ጥናት የማን ነው? ዋርድ ውስጥ ላለች እህቴ

ጥያቄው፦

«ሲስተር፣ እንደምን አሉ? በአንድ የክልል ሆስፒታል ሰርጂካል ዋርድ ውስጥ ነርስ ነኝ፤ 6 ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ማስተርስ ልጀምር ነው። ለዲግሪ መመረቂያችን በቡድን ጥናት ሠርተን ነበር። መጠይቅ በተንን፣ ዳታውን ኮምፒውተር ላይ አስገባን፣ ዲፌንድ አደረግን። ከዚያ በኋላ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። እውነቱን ልንገርዎት፣ ጥናት የሐኪሞች ሥራ ነው የሚመስለኝ። የነርሲንግ ጥናት የሚባለው ራሱ ምንድን ነው? ከየት መጣ? እኔ ዋርድ ውስጥ ከምሠራው ጋርስ ምን ያገናኘዋል? ለምሳሌ ካኑላ፣ ደም ሥር ውስጥ የምናስገባው መድኃኒት መስጫ ቱቦ፣ በ72 ሰዓት ይቀየር ተብለን ተምረናል። እኛ ጋ ግን ካኑላ ራሱ የሚጠፋበት ቀን አለ። ጥናት ለእንደኔ ዓይነቷ ምን ይጠቅማታል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በነርስነትም በመምህርነትም ረጅም ዓመት ቆይቻለሁ፤ ይህንኑ ጥያቄ ከስንት ተማሪ አፍ ሰምቼዋለሁ። ከመጨረሻው፣ ከካኑላው ልጀምር። እሱ ከተፈታ ሌላው ይቀላል። ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በየ72 ወይም በየ96 ሰዓቱ ካኑላ መቀየር በብዙ አገሮች ለዓመታት ሲሠራበት የኖረ ነው። ምክንያቱም አለው። ካኑላ ሲቆይ ደም ሥሩ ይቆጣል። ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያማል፤ ፍሌባይትስ የምንለው ነው። ሲብስ ደግሞ ጀርም ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ስለዚህ «ሳይበላሽ እንቀይረው» ተባለ። ክሌር ሪካርድ የምትባል አውስትራሊያዊት ነርስ ግን እዚህ ላይ ቆም አለች። ካኑላው እየሠራ፣ ታካሚው ሳያመው፣ ቦታው ሳይቀላ፣ ሰዓቱ ስለደረሰ ብቻ ለምን ሌላ ቦታ እንወጋዋለን?

እሷና ባልደረቦቿ ኩዊንስላንድ በተባለው ግዛት ሆስፒታሎች ውስጥ 3,283 ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። የአንደኛው ቡድን ካኑላ እንደ ደንቡ በየሦስት ቀኑ ተቀየረ። የሁለተኛው ቡድን የተቀየረው የችግር ምልክት ሲታይ ብቻ ነው። ውጤቱ በ2012 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ፍሌባይትስ በሁለቱም ቡድን እኩል ነበር፤ ከመቶ 7። ሰዓት ጠብቆ የተወጋው ሰው በትርፍ መርፌው ያገኘው ጥቅም አልነበረም።

ይህን ጥያቄ ማን እንዳነሳው ልብ በይ። ሐኪሙ «አይቪ ፍሉይድ ይሰጠው» ብሎ ካርዱ ላይ ጽፎ ይሄዳል። ደም ሥር የምትፈልገው ነርሷ ናት። ታካሚው መርፌውን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር የምታየው እሷ ናት። ሦስተኛ ጊዜ ስትስት እናቱ በዓይኗ የምትገላምጣትም እሷን ነው። ጥያቄው የተወለደው ከዚያ ነው። ለዚህ ነው የነርሲንግ ጥናት የሐኪም ጥናት ታናሽ እህት አይደለም የምለው። የራሱ ጥያቄ አለው።

አሁን «እንግዲያው ካኑላውን እስኪበላሽ ልተወው» እንዳትዪ። ያ ጥናት ሲሠራ ቦታው በየጊዜው ይታይ ነበር። አንድ ሰው እየመጣ ይነካል፣ «ያምሃል?» ይላል፣ ይጽፋል። በ2021 ደግሞ ከስዊዘርላንድ፣ ከጄኔቫ፣ ሌላ ጽሑፍ ወጣ። እዚያ ያለው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በሰዓት መቀየርን ትቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ከካኑላ የሚመጣ የደም ኢንፌክሽን ከፍ አለ። ወደ ድሮው ደንብ ሲመለሱ ወረደ። እኔ ይህን ሳነብ አውስትራሊያዊቷ ተሳስታለች አላልኩም። ያልኩት «የእኛ ዋርድ ለየትኛው ይቀርባል?» ነው።

አንቺም ይህንኑ ነው መጠየቅ ያለብሽ። ማታ ስንት ታካሚ ይዘሽ ታድሪያለሽ? በርክክብ ጊዜ የካኑላ ቦታ ይታያል ወይስ «ሁሉም ሰላም ነው» ተብሎ ይታለፋል? ሁለት ቀን ማንም ያላየው ክንድ ላይ «ምልክት ሲታይ እንቀይር» ማለት «መግል ሲታይ እንቀይር» ማለት ነው። በየሺፍቱ የሚያይ ዓይን ካለ ግን፣ ካኑላ በጠፋበት ቀን ደህናውን ካኑላ 72 ሰዓት ሞላ ብለሽ ነቅለሽ መጣል የለብሽም። ይህን ለዋርድ ኃላፊሽና ለኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴው ማስረጃ ይዘሽ ማቅረብ ትችያለሽ። ሁለት ነገር ግን አትርሺ። በድንገተኛ ክፍል በጥድፊያ፣ ንጽሕናው ሳይጠበቅ የገባ ካኑላ 48 ሰዓት ሳይሞላ መቀየር አለበት። ደግሞ ከሁሉ በፊት «ይህ ሰው ካኑላ አሁንም ያስፈልገዋል?» ብለሽ ጠይቂ። መድኃኒቱ ወደ ኪኒን ከተቀየረ ሁለት ቀን አልፎት፣ ካኑላው ግን ክንዱ ላይ ተረስቶ የተኛ ሰው ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

እንግዲህ ምንድን ነው ላልሽው፣ የእኔ አባባል ይህ ነው። የነርሲንግ ጥናት ማለት ሰው ታሞ ሲተኛ፣ ሲፈራ፣ ሲያመው፣ ሲበላ፣ ሲያገላብጡት፣ ቤቱ ሲመለስ የሚደርስበትን ነገር በሥርዓት መጠየቅና መመለስ ነው። ሐኪሙ በሽታውን ይከተላል። እኛ ሰውየው ከበሽታው ጋር የሚያሳልፋቸውን 24 ሰዓታት እንከተላለን። ዘዴው አንዳንዴ ቁጥር ነው፣ አንዳንዴ ተቀምጦ ማዳመጥ ነው። ዘዴውን የሚወስነው ጥያቄው ነው።

ከየት መጣ? ሁሉም ሰው ፍሎረንስ ናይቲንጌልን ይጠራል፤ መብራት ይዛ በዋርድ ውስጥ ስትዘዋወር ነው የምናውቃት። እኔ የምወዳት ግን ሌላዋን ናይቲንጌል ነው፤ ቁጥር የምትቆጥረዋን። በ1854 በኅዳር ወር 38 ነርሶች ይዛ ቱርክ ውስጥ ስኩታሪ ወደሚገኘው የእንግሊዝ ጦር ሆስፒታል ገባች። ወታደሩ ከቁስሉ ይልቅ በተቅማጥ፣ በኮሌራና በታይፎይድ ያልቅ ነበር። እሷ ከደረሰች በኋላም ሞቱ ጨመረ እንጂ ወዲያው አልቀነሰም። በ1855 የካቲት ላይ ከታከሙት ከመቶ 42 ያህሉ ይሞቱ ነበር። በመጋቢት የንጽሕና ኮሚሽን መጣ። የፍሳሽ ቦዩን አጠቡ፣ አየር እንዲገባ አደረጉ። በሰኔ ሞቱ ወደ 2 በመቶ ወረደ።

እዚህ ጋ ነው ትልቅነቷ የሚታየኝ። አገሯ ከተመለሰች በኋላ ዊልያም ፋር ከተባለ የስታትስቲክስ ባለሙያ ጋር ተቀምጣ መዝገቡን አገላበጠች። ዋናው ገዳይ የተበከለው ሕንፃ እንደነበረ ቁጥሩ አሳያት። በሥራዋ የምትመካ ሴት እንዲህ ያለውን ቁጥር መደበቅ ትችል ነበር። እሷ ግን በቀለም የተሞላ ክብ ሥዕል አድርጋ፣ ሹማምንቱ በአንድ እይታ እንዲገባቸው አሳተመችው። የእንግሊዝ የስታትስቲክስ ማኅበር አባል የሆነች የመጀመሪያዋ ሴትም እሷ ናት። ነርስና ጥናት በአንድ ሰው እጅ የተገናኙበት ትልቅ ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ረጅም ዝምታ መጣ። የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ተስፋፉ፤ የሚያስተምሩት ግን በአብዛኛው መታዘዝን ነበር። አልጋ እንዴት ይነጠፋል፣ ለሐኪም እንዴት ይነሣል። «ለምን?» የሚል አልነበረም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጥናት ሲጀመርም የተጠናው ታካሚው ሳይሆን ነርሷ ናት። በአሜሪካ በ1923 የወጣው ታዋቂ ሪፖርት ስለ ነርሶች ትምህርት ነበር። በ1952 ለነርሲንግ ጥናት ብቻ የቆመ መጽሔት እዚያው አሜሪካ ሲጀመርም፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥናቶቹ በብዛት የሚያወሩት ስለ ነርሶች ማንነት፣ ትምህርትና ሥራ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዶክትሬት የያዙት ጥቂት ነርሶች የተማሩት በትምህርትና በሶሲዮሎጂ ክፍሎች ውስጥ ነበር። በተማሩት መነጽር ነው ያዩት።

ይህን ለምን እንዳነሳሁት በኋላ ታያለሽ። እኛ አሁን እዚያ ቦታ ላይ ያለን ይመስለኛል።

ዞሮ ወደ አልጋው የመጣው በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ነው። እንግሊዝ አገር ዶሪን ኖርተን የምትባል ነርስ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር የአረጋውያን ዋርድ ውስጥ ገባች። የአልጋ ቁስል ነበር ጥያቄዋ። በዚያን ጊዜ ነርስ ሁሉ የየራሷ መድኃኒት ነበራት። ስፒሪት የምታሽ አለች፣ ሳሙና የምትቀባ አለች። ኖርተን ቁስሉን የሚከላከለው የሚቀባው ነገር ሳይሆን ታካሚውን ማገላበጥ እንደሆነ አሳየች። በ1962 ካሳተመችው ሥራ የወጣውን መመዘኛ ዛሬም በስሟ እንጠራዋለን። አካላዊ ሁኔታ፣ የአእምሮ ሁኔታ፣ እንቅስቃሴ፣ ራሱን ማገላበጥ መቻል፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር። አምስት ነገር፣ ለእያንዳንዱ እስከ 4 ነጥብ። 14 እና ከዚያ በታች ያገኘ ሰው አደጋ ላይ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚፈልገው። የቀላውን የአጥንት ጫፍ ማሸት ደግሞ እንደማይመከር አሁን እናውቃለን። እኔ ተማሪ ሳለሁ ግን ይታሽ ነበር፣ በደንብ ይታሽ ነበር፤ ላሸ ሰው ምስጋና ነበረው።

እዚህም የካኑላው ዓይነት ነገር አለ። በ2013 የወጣ አንድ ጥናት በአሜሪካና በካናዳ የአረጋውያን መጦሪያዎች 942 ሰዎችን ተከታተለ። በየ2፣ በየ3 ወይም በየ4 ሰዓቱ ማገላበጥ ልዩነት አላመጣም ይላል። የደከመች ነርስ ይህን ርዕስ ብቻ ብታነብ ደስ ይላታል። ዝርዝሩን ስታዪ ግን ሰዎቹ የተኙት ጥቅጥቅ ባለ፣ ለዚሁ በተሠራ የስፖንጅ ፍራሽ ላይ ነው። የአንቺ ዋርድ ፍራሽ መሐሉ ጎድጉዶ ብረቱ የሚሰማ ከሆነ ጥናቱ ስለ አንቺ ታካሚ አያወራም። ጥናት ስታነቢ ፍራሹንም አንብቢ እላለሁ ለተማሪዎቼ።

በ1972 በእንግሊዝ የነርሲንግን ነገር ያጠና የመንግሥት ኮሚቴ ነርሲንግ በጥናት ላይ የቆመ ሙያ መሆን አለበት ብሎ ጻፈ። በ1986 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ውስጥ የነርሲንግ ጥናት ማዕከል ተከፈተ፤ በ1993 ሙሉ ኢንስቲትዩት ሆነ። ከገንዘቡ በላይ ትርጉም ነበረው። የነርስ ጥያቄ ከካንሰርና ከልብ ጥያቄ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ቦታ አገኘ።

ከ1960ዎቹ ጥናቶች አንዱ ላይ ላቆይሽ፤ ለእኛ በጣም ይቀርባልና። በ1960 ገደማ ሳን ፍራንሲስኮ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነርሲንግ ትምህርት ቤት አንሴልም ስትራውስ የተባለ ሶሲዮሎጂስት ቀጠረ። እሱና ባርኒ ግሌዘር፣ ከነርሷ ጂን ክዊንት ጋር ሆነው፣ ሆስፒታል ውስጥ ሰዎች እንዴት እንደሚሞቱ ተመለከቱ። መጠይቅ አልበተኑም። ዋርድ ውስጥ ተቀመጡ። ሰውየው እንደሚሞት ማን ያውቃል? ማን ያስመስላል? ቤተሰቡ ምን ይላል? ነርሷ ክፍሉ ስትገባ ፊቷን ምን ታደርገዋለች? አንዳንዱ ታካሚ ምንም አያውቅም። አንዳንዱ ይጠረጥራል። አንዳንዱ ያውቃል፣ ሐኪሙም ያውቃል፣ ሁለቱም እንደማያውቁ ይሆናሉ። ዛሬ በመላው ዓለም ግራውንድድ ቲዮሪ እየተባለ የሚሠራበት የጥናት ዘዴ ከዚያ ሥራ ነው የወጣው፤ ንድፈ ሐሳቡን ከታየውና ከተሰማው ማውጣት ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋርድሽ ተመለሺ። ስንት ጊዜ ነው ልጁ ወይም ወንድሙ ኮሪደር ላይ እጅሽን ይዞ «እባክሽ እህቴ፣ እንዳትነግሩት» ያለሽ? እኛ አገር መርዶ እንኳ ወግ አለው። ሰው ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ዘመድ ከጎን ሆኖ ይነገራል። «ካንሰር ነው» የሚለውን ቃል ግን ታካሚው ብቻውን፣ በር ላይ ቆሞ የሚሰማበት ጊዜ አለ። ወይም ጭራሽ አይሰማም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ «ሲስተር፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ እድናለሁ?» ሲል የሚያገኘው አንቺን ነው። ያን ጊዜ የአገራችን ነርሶች ምን ይላሉ? ምን ይሰማቸዋል? ታካሚውስ ምን ፈልጎ ነው የሚጠይቀው? ይህ በቁጥር አይያዝም። ማስተርስሽን በዚህ ላይ ብትሠሪ ደስ የሚለኝ ሰው እኔ ነኝ።

ወደ እኛ ታሪክ ልምጣ። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት እንግሊዝ አገር ሳለች በለንደን ግሬት ኦርሞንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማረች። በ1942 በወጣትነቷ አረፈች። በስሟ አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ቆመ። በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ደግሞ የማኅበረሰብ ነርስን ከጤና መኮንንና ከሳኒታሪያን (ከአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) ጋር በአንድ ቡድን አሠለጠነ። ነርሷ ከሆስፒታል ግቢ ወጥታ መንደር ውስጥ ገባች። ይህ ትልቅ ሐሳብ ነው፤ ብዙ አገር ያላሰበው።

ጥናቱ ግን ዘግይቶ መጣ። ሲመጣም ያው ፈረንጆቹ ያለፉበት በር ላይ ቆመ። የተማሪዎቻችንን ርዕሶች ተመልከቺ። «በእገሌ ሆስፒታል የሚሠሩ ነርሶች ስለ ሕመም አያያዝ ያላቸው ዕውቀት፣ አመለካከትና ተግባር።» ሆስፒታሉን ቀይሪው፣ ሕመም አያያዝን በእጅ መታጠብ ቀይሪው፣ ሌላ ጥናት ይሆናል። መጨረሻው ብዙ ጊዜ «ሥልጠና ይሰጥ» ነው። እኔም እንዲህ ያሉትን ብዙ አማክሬያለሁ። ተማሪው ጊዜ የለውም፣ ገንዘብ የለውም፣ መጠይቅ ደግሞ ይቀላል። ተግባርን ግን መጠይቅ አይለካውም። «ከታካሚ ታካሚ ስትሄጂ እጅሽን ትታጠቢያለሽ?» ብትባዪ ምን ትያለሽ? ያንቺ የመመረቂያ ጥናት መደርደሪያ ላይ የቀረው ሰነፎች ስለነበራችሁ አይመስለኝም። ነርሶችን ጠየቃችሁ፤ ታካሚው ዘንድ አልደረሳችሁም። ዋርዱም ከእናንተ የሚወስደው ነገር አላገኘም።

ተስፋ የሚሰጥም አለ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተሠራና በ2005 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ክብደታቸው አንሶ የተወለዱ ሕፃናትን ገና ሁኔታቸው ሳይረጋጋ በእናታቸው ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ማቆየትን ከተለመደው እንክብካቤ ጋር አነጻጸረ። በእናት ደረት ላይ ከነበሩት ከመቶ 22 ያህሉ፣ ከሌሎቹ ከመቶ 38ቱ ሞቱ። የመሩት ሐኪሞች ናቸው፤ ሕፃኑን ደረት ላይ የሚያስረውና ሌሊቱን የሚያየው እጅ ግን የእናትና የነርስ ነው። በ2021 ደግሞ ጋናን፣ ሕንድን፣ ማላዊን፣ ናይጄሪያንና ታንዛኒያን ያካተተ ትልቅ ጥናት ወጣ። ከተወለዱ ጀምሮ ወዲያው ማቀፍ ሞትን በሩብ ያህል እንደቀነሰ አሳየ። በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ምክሩን በዚሁ መሠረት ለወጠ። ከ15 ዓመት በላይ ቀድሞ አዲስ አበባ ላይ ተጠይቆ የነበረ ጥያቄ ነው። አሁን የቀረው የእኛ ጥያቄ ነው፤ እናት ከሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ «ውጭ ጠብቂ» እየተባለች ቆዳ ለቆዳ እንዴት ይሆናል? አልጋዋ የት ይሁን? ማን ይተካት? ይህን ከነርስ በላይ የሚያውቅ የለም።

ጥናትና ሥራ ለምን አይገናኙም ለሚለው ጊዜ የለም፣ ኢንተርኔት የለም፣ መጽሔቱ በእንግሊዝኛ ነው ይባላል፤ ሁሉም እውነት ነው። ለእኔ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ነገር ልንገርሽ።

በአንድ ሆስፒታል ስሠራ አንድ አባት ለሄርኒያ ኦፕሬሽን ተኙ። ገበሬ ናቸው፤ ትንሽ ከረጢታቸውን ትራስ ሥር አድርገዋል። ማታ «ከእራት በኋላ ምንም እንዳይቀምሱ» ተባሉ። አልቀመሱም። ጠዋት ተረኛ ናቸው ተባለ። ከዚያ ድንገተኛ ሲዛሪያን ገባ፣ ከዚያ ሌላ ገባ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ «ለነገ ተዛውሯል» ልላቸው ሄድኩ። ከንፈራቸው ደርቆ ነጭ ሆኗል። ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ጾም አውቃለሁ። ይሄ ጥም ነው» አሉኝ። ካርዳቸውን ገለጥኩ። «ኤንፒኦ» ይላል፤ በአፍ ምንም አይግባ ማለት ነው። ከስንት ሰዓት ጀምሮ? እስከ ስንት ሰዓት? አይልም።

እንግሊዝ አገር ሃሚልተን ስሚዝ የተባለች አጥኚ ይህንኑ በ1972 አሳትማዋለች። ታካሚ የሚጾመው በሳይንስ ሳይሆን በዋርዱ ልማድና በኦፕሬሽን ክፍሉ ወረፋ ነው ብላ። አሁን ያለው መመሪያ ለጤነኛ አዋቂ ቀለል ያለ ምግብ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ 6 ሰዓት በፊት ድረስ፣ እንደ ውሃና ወተት የሌለው ሻይ ያለ ጥርት ያለ ፈሳሽ ደግሞ 2 ሰዓት በፊት ድረስ ይፈቅዳል። ድንገተኛ ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡርና ሆዱ ቶሎ የማይራገፍለት ሰው ሌላ ነው፤ እሱ ከአኔስቴዚያ ባለሙያው ጋር ነው የሚወሰነው።

ይህን አንብቤ ዋርድ ውስጥ ሳነሳ አንዲት ጎበዝ ባልደረባዬ «ታካሚው ቢያስመልሰውና ትንታ ቢገባው ማን ይጠየቃል?» አለች። ልክ ናት። ማስረጃው እጃችን ላይ ነበር፤ ሥልጣኑ ግን አልነበረም። ብቻዬን ብጀምረው ኖሮ ተሳሳትኩ ማለት ነው። የአኔስቴዚያ ባለሙያውን ፈለግነው፣ ሻይ ቡና እያልን አወራን። መጀመሪያ አንድ ነገር ብቻ ተስማማን፦ መጨረሻ ውሃ የጠጡበት ሰዓት ካርዱ ላይ ይጻፍ። ሰዓቱ መታየት ሲጀምር ሰው ራሱ ደነገጠ። ቆይቶ የወረፋው መጨረሻ ላይ ያሉት ጠዋት ሻይ እንዲጠጡ ተፈቀደ። ሲዛወር ደግሞ ሳይዘገይ ይነገራቸው ጀመር። ጥናትና ሥራ የተገናኙት በዚያ አንድ ሰዓት በሚጻፍበት መስመር ላይ ነው።

ጥናት ከአልጋው አልፎ አስተዳደር ድረስም ይሄዳል። ሊንዳ ኤይከን የተባለች አሜሪካዊት ነርስና ባልደረቦቿ በ2002 ያወጡትን አስታውሺ። በፔንሲልቬንያ 168 ሆስፒታሎች ውስጥ፣ በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ታካሚ ሲጨመር ኦፕሬሽን የተደረገለት ሰው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ 7 በመቶ ያህል ይጨምራል። እንዲህ ያለው ጥናት መንስኤውን ብቻውን አያረጋግጥም፤ አብረው የሚሄዱ ነገሮችን ነው የሚያሳየው። ግን «ነርስ ጎደለን፣ ደከመን» የሚለውን እሮሮ ወደ ሰው ሕይወት ቁጥር ለወጠው። አስተዳደር ፊት ስትቆሚ ድካምሽን ብቻ ሳይሆን ቁጥር ይዘሽ መቆም ትችያለሽ።

ስለዚህ ማስተርስሽን ስትጀምሪ ርዕስ ከላይብረሪ አትፈልጊ። ከሺፍትሽ ፈልጊ። ለሁለት ሳምንት ትንሽ ደብተር ኪስሽ ውስጥ ያዢ። «ይህን ለምንድን ነው እንዲህ የምናደርገው?» ያልሽበትን ሁሉ ጻፊ። ከዚያ አንዱን ምረጪ፤ በዓይን የሚታይ፣ የሚቆጠር ወይም የሚደመጥ፣ ዋርዱ ሊለውጠው የሚችል ይሁን። ሌላው ዓለም ምን እንዳገኘ አንብቢ። የኤቲክስ ኮሚቴውን ፈቃድ ሳትይዢ የታካሚ ካርድ አትንኪ። አድቫይዘርሽ «መጠይቅ ይቀልሻል» ቢልሽ በአክብሮት ተከራከሪ። ስታቲስቲክሱ ቢከብድሽ የሚረዳሽ ሰው ይገኛል። ጥያቄውን ግን ማንም አይሰጥሽም። አንድ ነገር ደግሞ ቃል አስገባሻለሁ። ውጤቱን ከዲፌንሱ በፊት ለዋርዱ ነርሶች፣ ለጽዳት ሠራተኞችና ለነርሶች ኃላፊዋ ለሜትሮኗ በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ አሳዪአቸው። ስህተትሽን ከፈታኞችሽ ቀድመው ያገኙልሻል።

የካኑላው ነገር ልብሽን ከነካው ቅጹ አንድ ገጽ ይበቃዋል። የአልጋ ቁጥር፣ ካኑላው የገባበት ቀንና ሰዓት፣ የት ክፍል ገባ፣ ዛሬ የሚሰጥበት መድኃኒት አለ ወይ፣ ቀልቷል፣ አብጧል፣ ያማል። ስም አያስፈልግም። በጠዋቱ ርክክብ ላይ ለአንድ ወር ሙይው። ከዚያ ስንቱ ክንድ ላይ የማያስፈልግ ካኑላ እንደነበረ ቁጠሪና ጻፊልኝ፤ ፕሮፖዛሉን አብረን እናየዋለን።